ያልተከፈተው ድምፅ

ብሉቱዝ የሚባለውን ነገር ዛሬም ሲያነሱብኝ ወሬ እቀይራለሁ። ሌላው ሰው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያለ ገመድ ዘፈን ይሰማበታል፤ ጎረቤታችን ባለሱቅ ድምፅ ማጉያውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ መንዙማ ይለቅበታል። ጥቅሙን እኔም አውቃለሁ፣ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም። እኛ ቤት ግን የወንድሜ ድምፅ የሚመጣው በእሱ ነበር።

እናቴ ከወሎ መጥታ አዋሽ ላይ የከፈተችው ቁርስ ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ከጅቡቲ የሚመለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ የጥጥ ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ወደ መልካ ወረር የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ይጨመሩበታል። ወንድሜ ሰመራ ብየዳ ይሠራ ነበር። ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። በተገኘ ጊዜም ወንድሜ ስልክ ላይ ወሬ አይችልበትም፤ "ደህና ነሽ እማ? እኔ ደህና ነኝ" ብሎ ይዘጋል። እናቴ ደግሞ በዚህ የምትጠግብ ሴት አይደለችም።

ዘዴውን ያመጡት ሾፌሮቹ ናቸው፤ እነሱም ለየቤታቸው እንዲህ ነበር የሚላላኩት። ሰመራ ሲቆሙ ወንድሜ ድምፁን ስልኩ ላይ ይቀዳና በብሉቱዝ ወደ ሾፌሩ ስልክ ያሻግራል። ሾፌሩ አዋሽ ሲደርስ ወደ እናቴ ስልክ ያሻግርና እዚያው ፊቷ ከራሱ ላይ ያጠፋዋል። የካርድ ወጪ የለው፣ ኔትወርክ አይጠይቅ። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ድምፁ አማና፣ አደራ ነው፤ ተሸካሚው አይከፍተውም። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሚስቱ የምትለውን ጓደኛው እንዲሰማበት የሚፈልግ ሾፌር ስለሌለ ይመስለኛል ሁሉም ያከበረው።

ብቻውን ሲሆን ወንድሜ ወሬ ያውቅበት ነበር። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አሠሪው ቁጣ፣ በብየዳ እሳት ስለተበሳሳው ሸሚዙ ያወራል፤ በራሱ ወሬ ራሱ ይስቃል። እናቴ ሳህን እያጠበች ትሰማዋለች፣ መልስም ትሰጠዋለች። ታዲያ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን "አጥፊልኝ" ትለኛለች። ስልኩ ይሞላና የሚቀጥለው መግቢያ ያጣል ብላ ትሰጋለች። አይሞላም ብላት አልሰማ አለችኝ።

ከሾፌሮቹ አንዱን እናቴ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣ ትወደው ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መኪናውን አቁሞ ገባና ሳይቀመጥ ቆመ። እናቴ እጇን በቀሚሷ አብሳ ስልኳን አነሳች።

"ልጄ፣ ድምፅ ይዘህልኛል?"

"ዛሬ አልላከም እናቴ። ሥራ በዝቶበት ነው።"

ፉል ላቅርብልህ ብለው እምቢ አለ። "ምነው፣ ዛሬ ጾመኛ ሆንክ?" ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ቶሎ ወጣና መኪናው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ስልክ የሚደውል መስሎኝ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ወንድሜ ሰመራ አጠገብ ካለችው ሎጊያ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ሞቷል።

እኛ ዘንድ መርዶ በማታ አይነገርም። ነጋቱ ይጠበቃል፤ እስከዚያ የሰማው ሁሉ እንዳልሰማ ይሆናል። ሾፌሩ ወደ እኛ ሲመጣ ገዋኔ ላይ በስልክ ተነግሮት ነበር። ሰፈሩም ከአመሻሹ ጀምሮ አውቋል። እኔና እናቴ ስለ ነገው ባቄላ እየተጨቃጨቅን ድስት ስንፈትግ ጎረቤቱ ሁሉ በግድግዳ በኩል ይሰማን ነበር። ሰዎቹ ለእኛ አዝነው እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሾፌሩ ለቀብር ከተጓዙት ጋር ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋ። መኪናውን እኛ ጋ ሳይሆን አዋሽ አርባ ማቆም ጀመረ አሉ። የወንድሜ ስልክ ባጃጁ ስር ደቅቆ ስለነበር እናቴ እጅ ላይ የቀረው አንድ አጭር ድምፅ ብቻ ነው፤ ወንድሜ በርበሬ እንድትልክለት ይጠይቃል፣ ከኋላው የብረት ጩኸት አለ። እሱኑ ስትሰማ ከረመች።

ከዒድ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ሾፌሩ መጣ። ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወተት የምታመጣልን የአፋር ሴት ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጣሳዋ እስኪታጠብላት ትጠብቅ ነበር። ሾፌሩ እናቴ ፊት ተቀመጠና አንገቱን ደፋ።

"ወላሂ እናቴ፣ ያን ቀን ድምፅ ይዤ ነበር። ሰመራ ላይ ሰጥቶኝ ገዋኔ ስደርስ መሞቱን ሰማሁ። መርዶው ሳይነገርዎት ድምፁን አሰምቼዎት እንዴት ልሂድ? አልላከም አልኩ። ስልኬን አምጣ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩና ውጭ ቆሜ አጠፋሁት።"

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት በቅጡ አላስታውስም፤ "ለምን አትደብቀውም ነበር!" ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። እሱ ከለቅሶው በኋላ ጥገና ቤት ለጥገና ቤት መዞሩን፣ ባለሙያዎቹ ሌላ ነገር ተጭኖበታል፣ አይመለስም እንዳሉት ነገረን። እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ድምፁ ላይ ምን አለ?" አለችው።

"አልከፈትኩትም እናቴ። አማና ነው።"

አንዲት ቃል ሰርቆ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እግሩን እስመው ነበር።

የአፋሯ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። "ዳጉ ቢሆን ይደርስ ነበር" አለች። እነሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። የሰማ ሰው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ይናገራል። የእኛው ሾፌር ግን ወንድሜን ኪሱ ውስጥ ይዞ ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጥ ምንም አልሰማም። ታማኝ ስለነበረ ነው። በዚህ ማንን መቆጣት እንዳለብኝ አላውቅም።

እናቴ ከዚያ "ረጅም ነበር?" ብላ ጠየቀችው።

"ረጅም ነበር። እስከዚያ ካመጣሁት ሁሉ ይረዝማል። ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ አጠጋግተን አልፎ እስኪያልቅ አንድ ሻይ ጠጥቻለሁ። እሱም አጠገቤ ሆኖ እየጠበቀ ነበር።"

"ሻይ አምጪለት" አለችኝ።

ቀድቼ አመጣሁ። እናቴ ስልኳን አውጥታ ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠች።

"ያን ቀን እንደጠጣኸው አድርገህ ጠጣ" አለችው።

ብሉቱዝ ቀርፋፋ ነው፤ ለማለፍ የፈጀው ጊዜ የንግግሩ ርዝመት አይደለም። ይህን አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ግን ብርጭቆውን አነሳ። ፉት ብሎ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ እንደገና ያነሳል። እናቴ ጆሮዋን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርጋ ተቀምጣለች። አንዴ ራሷን ነቀነቀች። አንዴ ደግሞ ወንድሜ ሲያስቃት እንደምታደርገው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ሻዩ አለቀ። ሾፌሩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ብዙ አውርቶኛል" አለች እናቴ፤ ስልኳንም አንስታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።