ኡል እና ቡሙል

ከአምቦ የወጣሁት ንጋት ላይ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው በመጀመሪያው ሚኒባስ። ወንድሜ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዞልኝ ቆየና እኔ ስገባ ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። ለቀን ጉዳይ የምሄድ እንዲመስል ብዬ ከትከሻ ቦርሳ በቀር ምንም አልያዝኩም። መስኮቱን ከፍቼ "ቻው" ልለው ስል ፊቱን አዞረ። ሰው እንዳያውቅብን ነው። ሳንሰናበት ተለያየን።

ጌዶ ላይ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ከክፍል ጠፉ፤ የታሰረ አለ፣ የሸሸ አለ። ስለ እነሱ እንድናገር ሁለት ጊዜ የፀጥታ ቢሮ ተጠራሁ። ሦስተኛውን ጥሪ አልጠበቅኩም። በጎንደር አድርጌ፣ በመተማ ተሻግሬ ካርቱም ገባሁ፤ እዚያም የሰው ቤት እያጸዳሁ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ላቡን ለምጄ ብርድ የሚባል ነገር ከረሳሁ በኋላ፣ ከስደተኞች ቢሮ ፋይልሽ ለኖርዌይ ተመርጧል ተባልኩ።

ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰውዬ ስለ ብርድ ጠየቀኝ።

"አገራችን በጣም ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ታውቂያለሽ?"

"ጌዶ ኖሬአለሁ" አልኩት።

"ጌዶ በረዶ ይጥላል?"

"በክረምት አልፎ አልፎ ይጥላል።"

ደስ ብሎት ጻፈ። ተርጓሚው ምን እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረቀት ላይ ለበረዶ እንግዳ ያልሆንኩ ሴት ሆንኩ። እናንተ ታውቃላችሁ፣ የኛ በረዶ ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ፣ ጤፉን አበላሽቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቀልጦ የሚሄድ ነው። እዚህ ያለው ግን ከመጣ አይሄድም። ቤቱም መንገዱም የእሱ ነው።

በሰሜን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ተመደብኩ። ቋንቋ ተማርኩ፤ ከዚያ ሥራ አገኘሁ፣ የዓሣ እርባታ። ዓሣውን በረት ውስጥ እንደ ከብት ያረቡታል፤ በረቱ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ክብ መረብ ነው፣ ዙሪያውን የእግር መሄጃ አለው። ክረምት ሲሆን የባሕሩ ፍንጣሪ መሄጃውና ብረቱ ላይ እየረጋ በረዶ ይሆናል። በእንጨት መዶሻ እየመታን እናራግፈዋለን፤ ካልተራገፈ ክብደቱ መረቡን ያሰጥማል። መሥሪያ ቤቱ ውኃ የማያስገባ ወፍራም ቱታ ይሰጠናል። ከሥር የምንለብሰው ግን የራሳችን ጣጣ ነው።

የመጀመሪያ ሳምንት የሥራ ባልደረቦቼ "ኡል ልበሺ፣ ኡል" አሉኝ። ኡል ማለት የበግ ፀጉር ነው፣ ሱፍ። ሱቅ ሄጄ መለያውን ሳነብ መጨረሻው "ኡል" የሚል ረጅም እጅጌ ካናቴራና ታይት አገኘሁ። ዋጋውም ደህና ነበር፣ ገዛሁ። ሁለት ቀን ሠራሁበት። መዶሻውን ሳነሳ ያልበኛል፣ ሳቆም ላቡ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል። የረጠበ አንሶላ ተጠቅልዬ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ይዤው ተመለስኩ።

ሻጯ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች አሮጊት ናት። መለያውን ጣቷ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ።

"ይሄ ኡል አይደለም። ቡሙል ነው።"

"መጨረሻው ኡል ይላል እኮ።"

"ቡሙል ጥጥ ነው። ጥጥ ላብሽን ጠጥቶ ይዞ ይቀመጣል። ባሕር ላይ ጥጥ የለበሰ ሰው እርጥብ ሰው ነው፣ እርጥብ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሞታል።" ይህን ስትለኝ የዳቦ ዋጋ እንደምትነግር ዓይነት ነው። ቀጥላ እጄን ይዛ ወደ መደርደሪያው ወሰደችኝ። ቆዳሽ ላይ ስስ ሱፍ፤ እሱ ላይ ወፈር ያለ ሱፍ። ስሱ ቆዳሽ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ፣ ግን ደም እስኪያቆም አይጥበቅ። ጎንበስ ስትይ ወገብሽ እንዳይጋለጥ ጀርባው ረዘም ይበል። ደግሞ ሊያልብሽ ሲጀምር አንዱን አውልቂ፤ "ብርድ እስኪሰማሽ አትጠብቂ፣ ላብ እስኪመጣም አትጠብቂ" አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ቤት የምተኛበት የበግ ፀጉር ባና እንዴት ያሳክከኝ እንደነበር አስታውሼ ፈራሁ። ይሄኛው ግን እንደ ጥጃ ጆሮ ለስላሳ ነበር። ቤት ገብቼ በፈላ ውኃ አጠብኩት፤ ተኮማትሮ ለሦስት ዓመት ሕፃን የሚሆን ሆኖ ወጣ። ለሻጯ ሳሳያት "ልጅ አለሽ እንዴ?" አለችኝ፣ ሳትስቅ። ሁለተኛውን ገዝቼ በቀዝቃዛ ውኃ እያጠብኩ መታጠቢያ ቤት ማስጣት ጀመርኩ። እርጥብ ሱፍ ይሸታል። አከራዬ ቆጣሪ ሊያነብ ሲመጣ አየሩን እያሸተተ፣ "ውሉ ላይ እንስሳ አይፈቀድም የሚል አለ" አለኝ።

"እንስሳ የለኝም።"

"ታዲያ በጉ የት ነው?"

ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሱፍ አሳየሁት። ጥቂት አየውና "ቢያንስ አይጮኽም" ብሎ ሄደ።

ኦቦ ደሜ ወደ እርባታው የመጡት በሁለተኛው ክረምቴ ነው፤ ኦቦ እንደ አቶ ማለት ነው። የካቺሲ ሰው ናቸው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እዚያ ከብት ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩ። እኔ በሥራ ቦታ ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው በማግኘቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ! "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ እንደ ማለት። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ከቤት የቋጠርኩትን ሚጥሚጣ ሳልመን በሚባለው በምናረባው ዓሣ ላይ ስነሰንስ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ከሚጥሚጣው ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም።

በኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ የአገር ሰዎች ተሰብስበን ሳለ፣ "ኦቦ ደሜ፣ ብርዱ ሳይከፋ ከሥር ሱፍ ይልበሱ" አልኳቸው።

"ሱፍ? ከነክራባቱ ነው? ሠርግ አለ እንዴ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ፣ ገበርዲኑን ሳይሆን የበግ ፀጉሩን ነው፣ የውስጥ ልብስ፣ ብዬ ላስረዳ ስጀምር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እኔ በጀልዱ ውርጭ ከብት እየነዳሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ደግሞ ሴት ልጅ ለአባቷ የውስጥ ልብስ ትመርጣለች?" ሳቁ እጥፍ ሆነ። ፊቴ ነደደ። ሻይዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይተው ሥራ ቦታ ልብስ መቀየሪያ በር ላይ ጠሩኝ። ብቻቸውን ሄደው ካናቴራ ገዝተው ኖሯል። የአንገቱን መለያ ገልብጠው በኩራት አሳዩኝ። "ይኸው ኡል ይላል። እኛም ማንበብ እናውቃለን።"

አነበብኩት። ቡሙል ነው የሚለው።

ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። ግን ሁለት የአገር ልጆች አጠገባችን ቆመዋል፣ ያ ሳቅ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባርማቸው እንደገና ያሳፍሩኛል አልኩ። አሁን ሳስበው ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እልህም ነበረበት። ትንሽ ይብረዳቸውና ይወቁት ብያለሁ በልቤ። "ጥሩ ነው" አልኳቸው። ሁለት ቃል።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጀልባው እኔንና ኦቦ ደሜን ከዳር ያለው መረብ ላይ አውርዶን ተመለሰ። እዚያ ዕቃ የምናስቀምጥበት ማሞቂያ የሌለው ጠባብ ጎጆ ብቻ ነው ያለው። እሳቸው ኃይለኛ ሠራተኛ ናቸው፤ መዶሻውን ሲያነሱ እንጨት የሚፈልጡ ይመስላሉ። ከቱታቸው አንገት እንፋሎት ሲወጣ አይቻለሁ። እኔ ከሁለቱ ሱፎቼ አንዱን አውልቄ ጎጆው ውስጥ ሰቅያለሁ። "ይረፉ፣ ያልብዎታል" አልኳቸው። "ላብ የጤና ነው" አሉኝ።

ነፋሱ በድንገት ተነሣ። በሬዲዮ ስጠራ አለቃችን የጀልባው ሞተር እንቢ ብሏል፣ ሌላ እንልካለን፣ ሃያ ደቂቃ አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሃያ ደቂቃ አለ። የኛ አገር ሹፌር ገና ፊቱን ሳይታጠብ "ደርሻለሁ" እንደሚለው ነው። መሄጃው እንደ ፈረስ ይዘልላል፣ ውኃው ይረጨናል። ጎጆው ገባን፤ የሰቀልኩትን ሱፍ መልሼ ለበስኩ። ኦቦ ደሜ ተቀምጠው መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ጥርሳቸው ሲፋጭ ይሰማኛል። አብረን ጸለይን። መዝሙር ጀመሩ፣ መሐል ላይ ጠፋባቸው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጣቸው ቆመ። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ቀጥለው ግን ጓንታቸውን አውልቀው ጥለው፣ "ሞቀኝ" አሉ። "ወይፈኖቹን ወንዙ ሳይሞላ እናሻግራቸው፣ ተነሽ!" አንደበታቸው ይንተባተባል። የቱታቸውን ዚፕ ለመክፈት ይታገላሉ። ይህን ጌዶ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ ሰው በብርድ ሊሞት ሲል ሞቀኝ እንደሚል በጠመኔ ጽፌዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ግን አልነበርንም።

"ኦቦ ደሜ፣ ልብስዎን ላውልቅልዎ ነው።"

እንደዚያም ሆነው ደረታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "ኢንተላ ኮ፣ ነውር ነው። ሰው ምን ይላል?"

"ማን አለ? ዓሣው ነው?"

ታገሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የአባቴ እኩያ፣ እኔ ደግሞ ልብሳቸውን እየገፈፍኩ፣ ሁለታችንም እያለቀስን። ካናቴራውን ስጨምቀው ውኃ ወጣው። ጀርባዬን ሰጥቼ ቱታዬን እስከ ወገቤ አወረድኩና ወፍራሙን ሱፌን አወለቅኩ፤ ስሱን አስቀረሁ። ነፋሱ በጎጆው ስንጥቅ ገብቶ እንደ ቢላ ወጋኝ። ሱፌ ትከሻቸው ላይ አልገባ ብሎ እስኪቀደድ ጎተትኩት። ቱታቸውን ዘጋሁ፣ ኮፍያዬን ደረብኩላቸው፣ ጣታቸውን ብብቴ ሥር አስገብቼ አቀፍኳቸው። ጣቶቹ ነጭ ነበሩ፣ እንደ ሻማ። "ስምዎ ማን ነው? የት ተወለዱ?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ዝም ሲሉ በጥፊ መታኋቸው። እኔ! በመጨረሻ መንቀጥቀጡ ተመለሰ፣ እኔም አብሬ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ጀልባው ሲመጣ ሠራተኞቹ የተጣበቅነውን ሁለታችንን ማላቀቅ አቃታቸው።

ዳኑ። ከቀኝ እጃቸው ግን ሁለት ጣት ተቆረጠ።

አለቃችን ሆስፒታል መጥቶ በትሕትና "ምን ለብሶ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥጥ አልኩት። "ማንም አልነገረውም?" አለ። እሱም ነግሮአቸው አያውቅም፤ ግን የእሱን አለመናገር ከእኔው ጋር ማመዛዘን አልቻልኩም።

ኦቦ ደሜ ቁጭ ብለው መብላት ሲጀምሩ ነገርኳቸው።

"መለያውን ያሳዩኝ ቀን ጥጥ መሆኑን አይቼ ነበር።"

ማንኪያውን አስቀመጡ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ስቀውብኝ ስለነበር።"

በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። "እኔ ስለሳቅሁ አንቺ ዝም ትያለሽ?" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ "ለጫልቱ እንዳትነግሪያት፣ ደም ግፊቷ ከፍ ይላል" አሉኝ። አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው ናቸው፣ ካቺሲ ያሉት። እሺ አልኳቸው። በዚያ ሰዓት ምንም ቢሉኝ እሺ እላለሁ።

ኦቦ ደሜ አሁን የሚሠሩት መሬት ላይ፣ ዓሣው የሚታሸግበት ቤት ውስጥ ነው። ምሳ አብረን እንበላለን። ያን ቀን አንስተነው አናውቅም። አዲስ የአገር ሰው ሲመጣ ግን እሳቸው ናቸው ወደ አሮጊቷ ሱቅ ይዘውት የሚሄዱት፤ መለያውን በግራ እጃቸው ገልብጠው ጮክ ብለው ያነቡለታል። እኔ ደጅ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ጠራ። አዴ ጫልቱ ናቸው፣ ኦቦ ደሜ በስልክ ያስተዋወቁኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ አምቦ ስላሉት ቤተሰቦቼ ጠይቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለሊሴ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደሜ ፎቶ ሲልክልኝ ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው። በቪዲዮ ደውል ስለው ኔትወርክ የለም ይለኛል። እሱ አይነግረኝም። አንቺ እንደማትዋሺኝ አውቃለሁ።"

ከጀርባቸው ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል፤ የሆነ ሰው በኦሮምኛ በሩን ዝጉት ይላል። ለኦቦ ደሜ እሺ ብያለሁ። ዝም ማለቴ ምን እንዳመጣ ደግሞ አውቃለሁ። ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

"ለሊሴ? ተቆረጠ እንዴ?"

"አልተቆረጠም፣ አዴ" አልኩ። "አለሁ።"

እሳቸውም እየጠበቁኝ ነው።