ከቴርሞፒሌ የተሰናበቱት

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የያዙኝ ሪችፊልድ ከተማ፣ ከምኖርበት አፓርታማ ፊት ለፊት፣ የመኪናዬን መስታወት በረዶ እየፋቅሁ ሳለ ነው። የጠዋት ሺፍት ነበረኝ። የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ስለሆነ ሰማያዊ የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ ላዩ ላይ ጃኬት ደርቤ ነበር። ሰዎቹ አራት ናቸው። አንደኛው ስሜን ከነአባቴ ስም አሳምሮ ጠራው። ያስደነገጠኝም እሱ ነው፤ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ስሜን ሳያጣምም የጠራኝ ፈረንጅ አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

እጄን ሲያስሩኝ የመኪናው ሞተር እንደተነሳ ነበር። "ይጥፋ እንጂ" አልኳቸው። አንዱ ገብቶ አጠፋውና ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ባለቤቴ በመስኮት ታይ ነበር፤ አልጮኸችም። እስር ለቤታችን አዲስ አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ በጻፍኩት ነገር ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ታስሬ ነው የወጣሁት። እዚህ ጥገኝነት የጠየቅሁትም በዚያው ነው። ኬሴ ገና ውሳኔ አላገኘም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ያለ እስር ቤት አስገቡኝ። ክፍሉ ውስጥ ባለ ሁለት ደርብ የብረት አልጋዎች ነበሩ። በግማሽ ግድግዳ የተከለለ ሽንት ቤት ጥግ ላይ አለ። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። አምፖሉ ሁልጊዜ በርቶ ስለሚውልና ስለሚያድር ሰዓቱን የምናውቀው በምግቡ ነው። አንድ ሕግ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁላችንም አልጋችን ላይ ተቀምጠን እጃችንን ጉልበታችን ላይ ማድረግ አለብን።

እንደገባሁ ከታችኛው አልጋ አንድ ሰው በአማርኛ ጠራኝ።

"ሐበሻ ነህ አይደል፣ ጋሼ? ከበሩ ራቅ በል፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ በታቹ ነው።"

አርባ ዓመት ግድም የሆነው የደሴ ሰው ነው። ኢገን በምትባል ከተማ ከሚስቱና ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ይኖራል፤ የጭነት መኪና ድራይቭ ያደርጋል። ከሥራ ሲመለስ ነበር የያዙት። እኔ ስገባ ዐሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደሌለው ዓይኑ ይናገራል። ከእሱ በላይ ያለው አልጋ ላይ ስድሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ኢራናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ፕሊማውዝ ከተማ እህታቸው ቤት ይኖሩ የነበሩ፣ ድሮ በአገራቸው የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። የቀሩት አራቱ ከአንድ መኪና ላይ የተያዙ ጣሪያ ሠሪዎች ሲሆኑ ስፓኒሽ ብቻ ነው የሚናገሩት።

ምሳ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። በስሱ የተቆረጠ ሥጋ ያለበት ሳንድዊችና ፖም። ሥጋው የምን እንደሆነ ስለማይታወቅ የደሴው ሰው አይበላውም። እኔም ጾም ላይ ነበርኩ። ሥጋውን ለጣሪያ ሠሪዎቹ እንሰጥና ፖም ይሰጡናል። ሽማግሌው የእሳቸውን ፖም በጥርሳቸው መግመጥ ስለማይችሉ በማንኪያ እየፋቁ ይበሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀኔ ጠዋት አንድ መኮንን ወረቀት ይዞ መጣ። በገዛ ፈቃዴ ከአገር እወጣለሁ የሚል ቅጽ ነው። ሳይን ያደረገ በጥቂት ቀን ውስጥ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ሳይን ያላደረገ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ይጠብቃል፤ ስንት ወር እንደሚፈጅ አይታወቅም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው ያስረዳን። ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

የደሴው ሰው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው።

"ጋሼ፣ እኔ ሳይን ላደርግ ነው።"

"ልጅህስ?"

"ከእናትዋ ጋር ናት። የኔ እናት ግን ሐኪም ቤት ተኝታለች። ዐሥራ አራት ዓመት አላየኋትም። እዚህ ተቀምጬ መርዶዋን በስልክ ልስማ?"

"እንዳታደርገው" አልኩት። "አንዱ ሳይን ባደረገ ቁጥር የሌላውም ጉልበት ይላላል። የሚፈልጉትም እሱን ነው።"

"የሌላውን ጉልበት እኔ ልሸከም ነው?"

ፊቴን አዙሬ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ያኔ የተሰማኝን ሳላስውብ ልናገር፤ ናቅሁት።

ሽማግሌው ቋንቋውን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸዋል። ከላይኛው አልጋ ቀስ ብለው ወረዱና እግሬ ሥር ተቀመጡ። ምን እንደተባባልን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትምህርት ቤት የተማርኩት ታሪክ ትዝ አለኝና፣ የጥንት ግሪክ ስፓርታውያን ቴርሞፒሌ የሚባል ጠባብ መንገድ ላይ ሦስት መቶ ሆነው ያን ሁሉ ሠራዊት ያቆሙት ማንም ከቦታው ስላልተነቃነቀ ነው አልኳቸው። ያ ሠራዊት የፋርስ፣ የእሳቸው አገር ሠራዊት መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። አፈርኩ።

እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። "ሁለት ክረምት እዚያ ኖሬአለሁ።"

"የት?"

"ቴርሞፒሌ።"

ከአገራቸው ወጥተው በቱርክ በኩል ግሪክ ሲገቡ፣ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ያስቀመጧቸው ተዘግቶ የኖረ አሮጌ ሆቴል ውስጥ ነው። ሆቴሉ ቴርሞፒሌ ካለው ፍልውሃ አጠገብ ነው። ውሃው ከመሬት ሲወጣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች እየቆሙ ይታጠቡበታል።

"ንጉሣችን ያን ሁሉ ጦር ይዞ ሦስት ቀን የፈጀበትን መንገድ እኔ በአውቶቡስ ነው ያለፍኩት" አሉ። "ሾፌሩ ቲኬቴን እንኳ አላየም።"

የደሴው ሰው "ምን እያሉ ነው?" አለኝ። ልመልስለት አልፈለግሁም ነበር። ሽማግሌው ግን በእጃቸው ወደ እሱ አመለከቱ፤ ንገረው ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ እሳቸው አንድ ነገር ሲናገሩ እኔ ወደ አማርኛ እመልስ ጀመር።

ድሮ መንገዱ በተራራና በባሕር መካከል የተጣበቀ ስለነበር ጥቂት ሰው ሊዘጋው ይችል ነበር። አሁን ባሕሩ ሸሽቶ ቦታው ሜዳ ሆኗል፤ አውራ ጎዳና ያልፍበታል። ከጎዳናው ዳር የስፓርታው ንጉሥ ሐውልት ቆሟል፤ ቱሪስቱ ሁሉ እዚያ ፎቶ ይነሳል። ከጎኑ ሌላ ሐውልት አለ፤ እሱን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። የቴስፒያ ሰዎች ነው።

"እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?" አልኩ።

"የአንድ ትንሽ ከተማ ሰዎች ናቸው። ሰባት መቶ ነበሩ። ስፓርታውያን ከልጅነታቸው ለጦርነት ያደጉ ናቸው፤ እነዚህ ግን እርሻቸውንና ሥራቸውን ትተው የመጡ። በሦስተኛው ቀን አንድ የአገሩ ሰው ለእኛ ሰዎች በተራራው ላይ የሚዞረውን መንገድ አሳየ። መከበባቸው ሲታወቅ የስፓርታው ንጉሥ ሌሎቹን ሂዱ አላቸው። ሰባት መቶዎቹ አንሄድም አሉ፤ ከሦስት መቶዎቹ ጋር እዚያው አለቁ። ከተማቸውንም የእኛ ሰዎች ሄደው አቃጠሉት።"

"እኔም ያልኩት እሱን ነው" አልኳቸው። "እነሱ ቆዩ።"

"የሄዱትን ረሳሃቸው" አሉኝ። "እነሱ በሺዎች ናቸው። ተሰናብተው ሄዱ። በዓመቱ የእኛ ሠራዊት በተሸነፈበት ጦርነት ላይ ብዙዎቹ ነበሩ። ሁሉም እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ቢቀር ኖሮ ያንን ማን ይዋጋው ነበር? እኔ ሁለት ክረምት ሐውልቶቹን ሳይ ያሰብኩት ስለሄዱት ነው። ለእነሱ የቆመ ሐውልት የለም።"

ማንኪያቸውን በጣታቸው እያዞሩ ቀጠሉ።

"እኔም ከሄዱት ነኝ። በወጣትነቴ አገሬ ውስጥ ታስሬ ነበር። በአራተኛው ዓመት ተጸጽቻለሁ የሚል ወረቀት ፈረምኩና ለቀቁኝ። ዕቃዬን ይዤ ስወጣ ጓደኞቼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አራት ዓመት አብረን ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን።"

ይህንን ወደ አማርኛ መመለስ አቃተኝ። እኔም አገር ቤት ታስሬ ሳለሁ እንደዚሁ አድርጌአለሁ። አንድ የክፍላችን ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ፈርሞ ሊወጣ ሲል ቸር ሰንብቱ አለን። ዐሥራ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ አንዳችንም አልመለስንለትም። ደግሞ አለን። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም። ብርድ ልብሱን ሁለት ወር ለብሼዋለሁ።

"ምን አሉ?" አለ የደሴው ሰው።

ነገርኩት። የሽማግሌውንም፣ የራሴንም።

"ታዲያ እኔን የሚያሰናብተኝ የለማ" አለ። በቀልድ ዓይነት ነው ያለው፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም።

ተነሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "እኔ አሰናብቼሃለሁ። ሂድና እናትህን ድረስባት።"

"ከልብህ ነው?"

"ከልቤ ነው።"

"አንተስ?"

"እኔ የምመለስበት አገር አስሮኝ የነበረ ነው። እቆያለሁ።"

ብዕር ስላልነበረን መኮንኑ እስኪመጣ ጠበቅን። ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተ። የደሴው ሰው ቆሞ ፈረመ። ጣሪያ ሠሪዎቹ ጊዜ ይሰጠን ብለው ወረቀቱን መለሱ። እኔና ሽማግሌው አልፈረምንም። ወዲያው ዕቃውን እንዲይዝ ነገሩት፤ ዕቃው አንድ ጥንድ ካልሲና የልጁ ሥዕል ነው።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ "አላህ ያስፈታችሁ" አለ።

ያኔ ሽማግሌው ተነሡ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው የአልጋውን ብረት ይዘው ነው የተነሡት። እኔም ተነሣሁ። ጣሪያ ሠሪዎቹ ተያዩና አንድ በአንድ ተነሡ። ጠባቂው "ቁጭ በሉ" አለን። ማንም አልተቀመጠም። ደግሞ አለን። "አሜን፤ በሰላም ግባ፤ እናትህን ሳምልኝ" አልኩት፤ ሁሉም በየቋንቋው አንድ ነገር አለው። በሩ ተዘግቶ የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ቆየን፤ ከዚያ ተቀመጥን። በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ስልክ ከለከሉን።

እኔ በሰባተኛው ሳምንት ዳኛ ፊት ቀርቤ ተለቀቅሁ፤ ኬሴ ግን አሁንም አላለቀም። ሽማግሌውን ወደ ሌላ ስቴት ወስደዋቸው ብዙ ወር ከቆዩ በኋላ ተመልሰዋል። አልፎ አልፎ ፕሊማውዝ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ጥርስ አስተክለዋል። የደሴው ሰው እናቱን በሕይወት አገኛት። ሃያ ቀን አስታምሞ ቀበራት። አሁን ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል፤ ሚስቱ እዚህ ሆና እሱ የሚመለስበትን መንገድ እየፈለገች ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ሥራ ስለምትገባ ልጅቷን ከኢገን ወደ ውሃ ዋና ትምህርቷ የማደርሳት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ሰዎች ሳልፈርም መቆየቴን እያነሡ ሲያመሰግኑኝ ደስ አይለኝም፤ የሚቆይበት ምክንያት ያለው ሰው ቢቆይ ምን ይደንቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ የሆነ ነገር ብላታለች መሰለኝ።

"አባቴ ተሸንፎ ነው የሄደው?"

"አይደለም" አልኳት። "አሰናብተነው ነው።"

"ማን ማን?"

"እዚያ የነበርነው ሁሉ።"

ለራሷ የምትቆጥረን ይመስል ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ "እሺ፣ ንዳ" አለችኝ።