ይመለሳል የተባለ ሰሞን

ተዋናዩ ወደ መድረክ ሊመለስ ነው የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የነገሩኝ የፋብሪካችን የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሰኞ ጠዋት፣ ገና ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ሳላሳርፍ ስልኬ ጮኸ።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ራዲዮ አልከፈትሽም ማለት ነው። ትናንት ጋዜጠኛዋ ስትጠይቀው ‹መድረክ ናፍቆኛል፣ አንድ ድርሰት እያነበብኩ ነው› አለ። በገዛ አፉ! እያነበብኩ ነው አለ እኮ!» ከዚያ ድምፃቸውን ወደ ሥራ መለሱና ለሌላ ደዋይ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ብለው እኔን ዘጉብኝ።

ያኔ ሰበታ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ የከተማው ኪራይ ሲያስመርረኝ ለሥራዬ ቀረብ ብዬ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም። እዚያው ሰበታ ተምረው፣ ብሬይሉንም ስልኩንም ለምደው፣ በጎልማሳነታቸው የፋብሪካው የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀመጡ። የሁሉንም ቢሮ ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ሥራ አስኪያጁ ጉንፋን ከያዘው ከሚስቱ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ይባል ነበር።

የተዋወቅነው በሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የተዋናዩን አዲስ ፊልም እያነሳን ስንጥል ከፊት ወንበር አንድ ሰው ሳይዞር «ይቅርታ፣ ፊልሙ ላይ ስንት ጊዜ ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ግራ ገባኝ። ወሬያችን እስከ ፋብሪካው በር ቀጠለ። ጋሼ በወጣትነታቸው እሑድ እሑድ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር አዲስ አበባ እየሄዱ ቴአትር ያዩ ነበር። «አየሁ» ነው የሚሉት እሳቸውም። ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጡና የተዋናዩን ጫማ ይሰማሉ። ግራ እግሩ ከቀኙ ትንሽ ይዘገያል፤ የሚጫወተው ሰው ሲዋሽ ደግሞ እርምጃው ይፈጥናል። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ጓደኛቸው ሞተ፤ ተዋናዩም መድረኩን ትቶ ወደ ፊልም ገባ። ሁለቱንም በአንድ ክረምት አጣሁ ብለውኛል።

አንድ ቀን ሲኒማ ወሰድኳቸው። በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን ማንን እንዳየ ነገርኳቸው። ግማሽ ላይ ከኋላ የተቀመጠች ሴት «እህቴ፣ እባክሽ፣ እኛም እናይበት» አለችኝ። ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ይዘው «አንቺ ደኅና ነገርሽኝ፤ እሱ ግን የለም» አሉ። «እዚያ ሲኒማ ውስጥ ዝም ሲል የት እንደሄደ አላውቅም። መድረክ ላይ ግን ዝም ቢልም አለ። ይተነፍሳላ።»

እንግዲህ የራዲዮው ወሬ የመጣው ለኚህ ሰው ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሰኞ ሰኞ በምሳ ሰዓት ለቴአትር ቤቱ ትኬት ክፍል መደወል ጀመሩ። ስልክ የምታነሳው ሴት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ለመደች፤ በመጨረሻ «ሀሎ» ሲሉ ብቻ «ገና ነው ጋሼ» ትላቸው ነበር። ወሬው ፋብሪካውን አዳረሰው። አንዱ መካኒክ «ፊልም የለመደ ሰው መድረክ አይወጣም፤ ፊልም ላይ ቢሳሳት ይደገማል፣ እዚህ ማን ይደግምለታል?» ብሎ ሲከራከር፣ የካፌዋ ምግብ አብሳይ «ይመለሳል፤ ይኸው ከስቷል፤ የሚከሳው ለመድረክ ነው» ትላለች። ጋሼ ሁሉንም ያዳምጡና «ድርሰቱን እያነበበ ነው» ብለው ይዘጋሉ።

ያ ዓመት የማስተር ፕላኑ ዓመት ነበር። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ዕቅድ ገበሬውን ከመሬቱ ይነቅለዋል ተብሎ ተቃውሞው ከየቦታው ተነሣ። አንዳንድ ጠዋት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ እናገኘዋለን፤ አንዳንድ ቀን ፋብሪካው ሠራተኛውን በጊዜ ይለቃል። በሰፈራችንም ድንኳን የተተከለበት፣ ለቅሶ የተቀመጥንበት ቤት ነበር። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ የተዋናዩም ወሬ አብሮ ጠፋ።

አከራዬ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው ውስጥ ያለነው ተከራዮች ሁሉ በኦሮምኛው «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከከተማው ዳር ጤፍና ጓያ የሚዘሩበት መሬት ነበራቸው፤ ዕቅዱ ይነካዋል ይባላል። እሳቸው ግን ስለ መሬቱ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ምዕራብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማረው ልጃቸው ነው። የምትማርበት ግቢ ተበጠበጠ የሚል ወሬ በመጣ ሰሞን የልጅቷ ሞባይል ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ኦቦ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሚኒባስ ሁሉ ያያሉ። ሚስታቸው ያቀረቡላቸው ምግብ እንደቀረበ ይመለሳል።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም አላዘኑልኝም፤ ወዲያው ጥያቄ ጀመሩ። «የሞባይሏን ቁጥር ተይው። ምንድን ነው የምትማረው? ስንተኛ ዓመት ናት?»

«ነርስነት። ሁለተኛ ዓመት።»

«የመስመር ስልክ ባለበት ቦታ ሰው አይጠፋም» አሉ።

በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም። ማስታወቂያ ላይ ከሚወጣው የዩኒቨርሲቲው ቁጥር ጀመሩ፤ ከዚያ ሬጅስትራር፣ ከዚያ የተማሪዎች ክሊኒክ፣ ከዚያ አንድ የማያነሣ ቢሮ። የሚያነሣውን ሁሉ በዚያ ለስላሳ የሥራ ድምፃቸው «እንደምን ዋሉ፣ ከሰበታ ነው የምንደውለው» ይሉታል፤ ማንም ጥሎ አይዘጋባቸውም። በማግስቱ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ልጅቷን አውቃታለሁ አለች። «ከማደሪያዋ እጠራታለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውሉ።»

ሮጬ ኦቦን አመጣኋቸው። ጥበቃው መታወቂያ ሳይጠይቅ አስገባቸው። የጋሼ ክፍል ከቁም ሣጥን ብዙ አትበልጥም፤ ኦቦ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን እየነካ ተቀመጡ። ጋሼ ደወሉ፣ አዳመጡ፣ ከዚያ እጀታውን አቀበሏቸው።

«ኢንተለ ኮ?» አሉ ኦቦ። ልጄ ማለት ነው።

እጀታውን ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው ይሰሙ ነበር፤ እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ልጅቷ ደኅና ናት። ሞባይሏ በግርግሩ ወድቆባት ነበር፤ ከጓደኞቿ ጋር ከማደሪያቸው ሳይወጡ ከርመዋል። ስልኩ ሲዘጋ ኦቦ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ምን ላድርግልህ ወንድሜ?»

ጋሼ ሳቁ። «ተዋናዩ የተመለሰ ቀን ቴአትር ይውሰዱኝ።»

ኦቦ ቴአትር ምን እንደሆነ በደንብ አያውቁም ነበር። «እወስድሃለሁ» አሉ፤ አሉ ማለት ደግሞ አለቀ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የትኬት ክፍሏ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ደወለች። ለአንጋፋ ባለሙያዎች ምስጋና የሚቀርብበት የእሑድ ዝግጅት አለ፤ ተዋናዩ ከቆየ ቴአትሩ አንድ ትዕይንት ሊጫወት ይችላል። «ይችላል ነው ያልኩት ጋሼ፣ እርግጡን እንጃ» አለች።

«አንድ ትዕይንት ይበቃኛል» አሉ።

እሑድ ጠዋት ታክሲ አልነበረም። መንገዱ ሊዘጋ ነው ተብሎ ሚኒባሶቹ ከዓለም ገና አልፈው አልመጡም። እኔ ይቅርብን ብዬ ነበር። ኦቦ ግን ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው በሩ ላይ ቆመዋል። «ቃል ነው» አሉኝ። ጋሼን ከቤታቸው ወስደን በእግር ጀመርን፤ ኦቦ በቀኝ፣ እኔ በግራ። ዓለም ገና ልንደርስ ስንል መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ዳር ላይ ጎረምሶች ቆመዋል። የጋሼን ክንድ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ኦቦ ቀደም ብለው «አከም ቡልተን» ብለው እንዴት አደራችሁ አሏቸው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው መለሱ። አንዱ በኦሮምኛ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቃቸው።

«ቴአትር» አሉ ኦቦ።

«ቴአትር? ዛሬ?» ልጁ በአማርኛ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ሊሠራ ነው?»

የተዋናዩን ስም ነገርኩት።

«እሱ? ፊልም ብቻ አይደል እንዴ የሚሠራው? ተመለሰ?»

«ይመለስ ይሆናል» አሉ ጋሼ።

ልጁ ጓደኞቹን ጠርቶ ወሬውን በኦሮምኛ አካፈላቸው፤ አንዱ ከፊልሞቹ የአንዱን አነጋገር አስመስሎ አሳቃቸው። ከዚያ የጋሼን ክንድ ይዞ «እዚህ ጋ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ከፍ ያድርጉ፣ አሁን ይርገጡ» እያለ አሻገራቸው። «ሰበታ ውስጥም አድናቂ አለህ በሉት» አለን። የልጁ ፊት አሁንም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠመው አላውቅም፤ ደኅና እንዲሆን እመኛለሁ።

ዓለም ገና አንድ ሚኒባስ አገኘን። አየር ጤና ስንደርስ ከተማው እንደ ወትሮው እሑድ ነበር፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ ሊስትሮው ጫማ ይጠርጋል። ትኬት መስኮቱ ጋ ጋሼ «እንደምን ዋሉ» ከማለታቸው ሴትዮዋ «የሰኞው ጋሼ!» ብላ በሩን ከፍታ ወጣች። ከፊተኛው ረድፍ ሦስት ወንበር ይዛልን ነበር።

ንግግሩ ረዘመ። ሽልማት፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ንግግር። ኦቦ ሁለቴ አንቀላፉ። ከዚያ መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ መድረኩ ላይ አንድ በርና አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተዋናዩ። አዳራሹ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ። እሱ ግን አልተነቃነቀም። ከበሩ ውጭ ያለችው ተዋናይት በድርሰቱ ልጁ ናት፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ክፈትልኝ ትለዋለች። አባት ተቆጥቷል። ተነሣ፣ ወደ በሩ ተራመደ። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለው «ግራ እግሩ፣ ሰማሽው?» አሉ።

በሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ በጣም ረዘመ። ጋሼ እጄን ጨበጡት።

«ረሳው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትወና አይደለም። ትንፋሹን ስሚው፤ ቃሉ ጠፍቶበታል።» ፊታቸውን ሳየው የበዓል ቀን ፊት ነበር።

ይህን ጊዜ ኦቦ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ኮታቸውን የምይዝበት ጊዜ እንኳ አላገኘሁም።

«በኒ!» ብለው ጮኹ። «በኒ ካ! ክፈትላት! ልጅህ እኮ ናት!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ተዋናዩ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ። ኦቦን አያቸው፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ሞተ፣ ምክንያቱም ኦቦ አይስቁም ነበር፤ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ሰምቻለሁ አባቴ» አለ ተዋናዩ። «ሰምቻለሁ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።»

ከዚያ ቃሉ ሁሉ ተመለሰለት። የሚቀጥለው ንግግር እንደ ውኃ ወረደ፤ ከኋላችን ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። መጨረሻ ላይ እጁን የበሩ መወርወሪያ ላይ አሳረፈና መብራቱ ጠፋ።

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ጋሼና እኔ «እጄ ነው እንቢ ያለኝ» የሚለው ድርሰቱ ውስጥ ይኑር ወይስ እዚያው የፈጠረው ይሁን ተከራከርን። ኦቦ ግን አልሰሙንም፤ ተቆጥተው ነበር።

«ከፈተላት ወይስ አልከፈተላትም?»

«ቅንጭብ እኮ ነው ኦቦ» አሉ ጋሼ። «ቀሪውን አልሠሩትም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚሠሩት?»

«ይሠሩ ይሆናል፤ ይመለስ ይሆናል። አላወቅንም አንቱ።»

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ኦቦ በሩ ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። «ምን አለች ሴትዮዋ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላቸዋለሁ። ተዋናዩ ያንን ቴአትር በሙሉ አልሠራውም፤ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ተባለ፤ ጭንቀቱ ግን አብሮ አልቀረም፣ መንገዱም ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። እኔ አግብቼ ወደ ቡራዩ ሄድኩ፤ ጋሼ ጡረታ ወጡ። ስንገናኝ አሁንም ስለዚያ ዝምታ ያወራሉ። ካዩት ቴአትር ሁሉ እሱን ይመርጣሉ።

የኦቦ ልጅ ለዕረፍት የመጣች ቀን ግን ገና እዚያው ግቢ ነበርኩ። አባቷ አመሻሹ ላይ የቤቱን በር ዘጉና ሚስታቸውን በልጅቷ ቦታ ውጭ አቁመው፣ እኛን ዱካ ላይ አስቀምጠው፣ ያዩትን ትዕይንት በሙሉ በኦሮምኛ ተጫወቱልን። የአባቱንም የልጅቷንም ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼም ተጠርተው መጥተዋል፤ ከጎኔ ተቀምጠው ይሰማሉ። ኦቦ በሩ አጠገብ ደረሱ፤ አልቆሙም፣ ዝምም አላሉም፤ ወዲያው ከፈቱት።

ልጅቷ ከሳቋ የተነሣ እንባዋን እየጠረገች «አባዬ፣ እንዲህ ቶሎ ከተከፈተ ሕዝቡ ምን ያያል?» አለቻቸው።

«ምን ያያል?» አሉ ኦቦ ተገርመው። «ወደ ቤቱ ይሂዳ! ልጁ መጥታለች፣ እራት አለ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ፈልጎ ነው?»

እናትየው ሹሮውን ይዘው ገቡ፤ እጃችንን ታጥበን ቀረብን።