የዘበኛ ቤት እንግዳ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ባዩን ያውቀዋል። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ተሳፋሪ ዕቃ ሲረሳበት ሰፈር ለሰፈር ጠይቆ የሚያደርስ ሰው ነው። አማረችን ያገባት ከጋፋት ወደ ከተማ በገባ ዓመት ነበር። ትዳራቸው ብዙም ሳይቆይ አማረች ዱባይ ሄደች፤ መራመድ የማይችሉ አሮጊት የምታስታምምበት ቤት ገባች። ለሁለት ዓመት ብላ የሄደችው አራት ሆነ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ መግቢያ ላይ ፈቃድ አግኝታ ልትመጣ ስትል አሮጊቷ ባሰባቸውና አሠሪዋ፣ የአሮጊቷ ልጅ ማዳም፣ ከለከለቻት። አማረች ይህን በስልክ ስትነግረው አላለቀሰችም። ባዩን ያስደነገጠው ይኸው አለማልቀሷ ነው። ድምፅዋ የሩቅ ዘመድ ድምፅ መሰለው።

«አንቺ መምጣት ካልቻልሽ እኔ እመጣለሁ» አላት።

አባቱ አቶ ዋልልኝ ይህን ሲሰሙ ገብስ እያጨዱ ነበር። ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ሚስቱን ተከትሎ ዓረብ አገር የሚሄድ ወንድ ዛሬ አየሁ!»

«ልከተላት አይደለም አባባ፣ አይቻት ልመጣ ነው።»

ሽማግሌው «እንግዲያው ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፤ ለእናትህ ንገራት» አሉና ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። እናቱ ወይዘሮ የሺ በሶ ቋጠሩለት።

ማደሪያ አላሳሰበውም። በላይነህ የሚባል ወዳጁ፣ የይፋግ ልጅ፣ እዚያው ዱባይ የግንባታ ሠራተኛ፣ «እኔ እያለሁልህ ሆቴል ትላለህ?» ብሎት ነበር።

አርብ ጠዋት ደረሰ። የአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ላይ ጥቁር አባያ ከለበሱ ሴቶች መካከል ሚስቱን እየፈለገ በአጠገቧ አልፎ ሄደ። «ባዩ!» ስትለው ዞረ። ሰው ያየናል ብላ አላቀፈችውም፤ ክንዱን ብቻ ጨብጣ ቆየች።

«ከሳህ» አለችው።

«አንቺ ተመችቶሻል» አላት። ውሸቱን ነበር።

በላይነህን ደወሉለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግመው ሞከሩ። ኋላ እንደሰሙት አሠሪዎቹ በድንገት በረሃ ውስጥ ወዳለ ሥራ ወስደውት ነበር። አማረች የተፈቀደላት እስከ ማምሻው ነው። ሆቴል ፍለጋ ወጡ። የመጀመሪያው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሁለቱንም ፓስፖርትና የጋብቻ ወረቀት ጠየቀ። የአማረች ፓስፖርት ደግሞ ማዳም ዘንድ ተቆልፎበታል።

«ለእኔ ብቻ ቢሆንስ? ዋጋውን ጠይቂልኝ» አላት ባዩ።

ጠየቀችለት። መልሱን ስትሰማ ግን ሳትተረጉምለት ክንዱን ይዛው ወጣች።

«ምን አለ?»

«ይቅርብህ።»

ሌላም ሞከሩ፤ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ባዩ ራሱ «ተይው፣ ቀኑን በዚህ አንጨርሰው» አለ። ትንንሽ ጀልባዎች ሰው የሚያሻግሩበት ውኃ ዳር ተቀመጡ። አማረች በሶውን በላስቲክ ውስጥ በሃይላንድ ውኃ በጠበጠችው። ጣቷን እየላሰች ሳቀች፤ ባዩ በስልክ የጠፋበትን ድምፅ ያን ጊዜ አገኘው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ፊቷ ጠቆረ። «አስፋልት ላይ ጥዬህ አልገባም» አለችና ወደምትሠራበት ቤት ይዛው ሄደች።

የቤቱ ዘበኛ እድሪስ የገዳሪፍ ሱዳናዊ ነበር፤ በወጣትነቱ መተማ ሲነግድ አማርኛ ለምዷል። ባዩን ከነሻንጣው አየውና «ወንድም ነው?» አላት።

«ባሌ ነው። የሚያድርበት የለውም።»

እድሪስ ወደ ትልቁ ቤት መስኮቶች ተመለከተ። ከዚያ የበር ላይ ክፍሉን ከፈተና «ግባ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። አንድ አልጋ ነበረችው፤ ለእንግዳው ለቀቀለት። ባዩ እምቢ ብሎ ወለሉ ላይ ተኛ።

በነጋታው አማረች አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አትክልቱ አወጣች። ባዩ እድሪስን እየረዳ ሎሚ ያጠጣል። ባልና ሚስት መሆናቸው እንዳይታወቅ መነጋገር አይችሉም። አማረች ወደ አሮጊቷ ጎንበስ ብላ በአማርኛ ጠየቀች፦

«እማማ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት? ወለሉ አልቆረቆረዎትም?»

ባዩ ወደ እድሪስ ዞሮ «ደህና ነው የተኛሁት። እሷ ግን ዓይኗ ቀልቷል፤ ምን ሆና ነው?» አለ።

«ምንም አይደል እማማ፣ ሽንኩርት ከትፌ ነው።»

እድሪስ ሳቁን ለመደበቅ ጀርባውን ሰጠ። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሲያወሩ ሰነበቱ። አንድ ቀን ግን አሮጊቷ ጣታቸውን ወደ ባዩ ቀሰሩ።

«ይኼ ሰውዬ ሎሚዬን በውኃ ሊገድልብኝ ነው» አሉ በዓረብኛ። «ማን ነው?»

አማረች ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። ወንበሩ ሥር ተንበርክካ እውነቱን ነገረቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«ባሌ መርከበኛ ነበር» አሉ። «በወጣ ቁጥር ስንት ወር እጠብቀው ነበር። አንቺ ከዚያ ባሰብሽ።»

ማዳም ስትሰማ ጮኸች፤ በተለይ እድሪስ ላይ። ያልታወቀ ሰው ግቢዋ ውስጥ ማደሩ አስፈርቷት ነበር፤ ፍርሃቷም አይፈረድበትም። ነገር ግን ቤቱ የእናቷ ነው። «ደጄ የገባ እንግዳ ነው፤ አይባረርም፤ ዘበኛዬም አይነካም» አሉ አሮጊቷ። የቤቱ ሹፌር አገሩ ሄዶ ስለነበር ሰገነት ላይ ያለው ክፍሉ ተከፈተላቸው። ባዩ እስኪመለስ ድረስ፣ አማረች ማታ ሥራዋን ስትጨርስ፣ ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር አደሩ።

አማረች አሮጊቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው አስታመመችና ተሰናብታ ተመለሰች። ባዩ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ተቀበላት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። አማረች ጓዳ ቆማ መብላት ለምዳ ነበር፤ ሰው ይጠራኛል እያለች በጥድፊያ። «ተቀመጪ» ሲላት ትቀመጥና ወዲያው ብድግ ትላለች። ባዩ መለመኑን ተወው። አንድ ቀን ሳህኑን ይዞ ጓዳ ገባና አጠገቧ ቆሞ ይበላ ጀመር። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። አንድ እሑድ አማረች «እግርህን አያምህም?» አለችው።

«ያመኛል።»

ሁለት በርጩማ አመጣች።