የቶማሳ ቲኮና የድግስ መኪና

ቶማሳ ቲኮና ትልቅ ነገር ትወዳለች። ለሐሜት አይደለም ይህን የምለው፤ አበልጇ ነኝ፣ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። ባርኔጣዋ ከገበያው ባርኔጣ ሁሉ ይረዝማል። በተደራረበ ቀሚሷ ለሦስት ሰው የተሠራ አግዳሚ ወንበር ብቻዋን ትሞላለች። ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ይሰማታል። እኔ የጭፈራ ልብስ ጠላፊ ነኝ፤ እሷ ከሱቄ ጎን በውርጭ የደረቀ ድንች በጅምላ ትሸጣለች። ላፓስ ውስጥ ከእኛ ሰፈር የባሰ ዳገት ካለ አሳዩኝ። ያን ዳገት በወጣትነቷ ጆንያ በጀርባዋ አዝላ ስትወጣው አይቻታለሁ። ማንም ያወረሳት ነገር የለም።

ስለዚህ የቅዱስ ያዕቆብ በዓል ደጋሽ ሆና በተሰየመችበት ዓመት “ትልቅ መኪና እገዛለሁ” ስትል የተገረመ ሰው አልነበረም። ደጋሽ መኪናውን በጥልፍ ጨርቅና በብር ዕቃ ያለብሰውና ከሰልፉ ፊት ያስነዳዋል። ከመኪናው ኋላ ደጋሾቹ ባልና ሚስት ይጨፍራሉ፤ ከእነሱ ኋላ ማርሽ ባንዱ፣ ከባንዱ ኋላ አገሩ ሁሉ። ባልና ሚስት ነው ያልኩት። እኛ ዘንድ ድግስ የጥንድ ነው። ከጥንዱ አንዱ ከጎደለ ሰዉ ምግቡን ይበላል፣ ቢራውን ይጠጣል፣ ከዚያ አፉን ጠርጎ “ዘንድሮ እኮ ደጋሽ አልነበረም” ይላል።

የቶማሳ ጭንቀት እዚህ ላይ ነበር። ባሏ ሴቬሪኖ ዕድሜውን የፈጀው ቆርቆሮ ማዕድን ውስጥ ነው፤ ሳንባውን አቧራ በልቶታል። ደረጃ መውጣት ስለማይችል የሚተኛው ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ችግሩ አንዱን ቀልድ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ይኖርበታል። ሐኪሙም ከዓመት ዓመት እየባሰበት እንደሚሄድ አልደበቃትም። እና ቶማሳ አቅሙ ጨርሶ ሳይከዳው፣ አንድ ጊዜ፣ በአገር ፊት ከእሱ ጋር መጨፈር ፈለገች። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

መኪናውን ልናይ አብረን ሄድን። ጥቁር ጂፕ ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ወንበሩ ቆዳ፣ መስተዋቱ ፊት ያሳያል። ቶማሳ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ገብታ ቁጭ አለች፤ ጣሪያው አልነካትም። ሻጩ ሞተሩን ሲያስነሳው ዓይኗን ጨፈነች።

“አበልጄ፣ ሰማኸው?” አለችኝ። “አንበሳ እኮ ነው!”

“አንበሳው ምን ይበላል?” አልኳት። “ቤንዚን እንደሆነ ሰልፉ ከማደያው እስከ መቃብር ቦታው ደርሷል።”

“አሰልፈዋለሁ! አንተ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው አትወድም።”

እውነቷን ነው፣ አልወድም። ስለዚህ እየጎተትኩ ወደ ቀጣዩ ግቢ ወሰድኳት። እዚያ እዚሁ አገራችን የተሠራች የባትሪ መኪና ቆማለች። ትንሽ ናት፤ በቁመቷ እኔን ታክላለች፣ እኔም ረጅም አይደለሁም። ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፣ ማታ ቤት ውስጥ እንደ ስልክ ትሰካለች። ደግሞ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና የቤንዚን ሞተር ሁሉ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይቺ ግን አየር የምትጠይቀው ነገር የለም። ይህን ስነግራት ቶማሳ መኪናዋን ዞራ አየቻትና ሳቀች። ለመግባት ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ማስቀመጥ ነበረባት።

“ይቺን እኔ ነኝ የምነዳት ወይስ እኔ ነኝ የምለብሳት?” አለችና ወጣች።

ልቧ ጥቁሩ ጋ ቀረ። አልፈርድባትም። ዕድሜ ልኩን ጆንያ የተሸከመ ሰው አንድ ቀን እሱን የሚሸከም ነገር ቢያምረው ምን ነውር አለው?

ለበዓሉ ሁለት ወር ሲቀር የጭፈራው ልምምድ ሆነ። የአምናው ደጋሽ ፍሮይላን ካታኮራ ጉረኛ ነው፤ ክፉ ግን አይደለም። እሱ ያለው ጂፕ ቶማሳ የወደደችው ዓይነት ስለነበር “መቼም ልትገዢው ነው፣ በእኔው ተለማመጂ” ብሎ አዋሳት። ጂፑ ከፊት በእግር ጉዞ ፍጥነት እያጓራ ዳገቱን ያዘ። ቶማሳና ሴቬሪኖ እንደ ደንቡ ከኋላው ቆመው መጨፈር ጀመሩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ግራና ቀኝ ጭሱን አፍኖ ይይዘዋል። ሴቬሪኖ እያሳለ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ እዚያ ጉልበቱ ከዳው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ የእግረኛው መንገድ ላይ ተዘረጋ። ቶማሳ ባርኔጣዋን ወርውራ ጭንቅላቱን ያቀፈችበት ሁኔታ አይረሳኝም።

ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ጂፑን ነው። “እሱም... እንደ እኔ... ያለከልካል” አላት። ትንሽ ቆይቶም “ከወንድሜ ጋር ጨፍሪ። እኔ በመስኮት አያለሁ” አለ።

“ከወንድምህ ጋር አይደለም የተጋባሁት” አለች ቶማሳ።

በማግስቱ የባትሪዋን መኪና ገዛች። እኔን እንኳ አላማከረችም። መኪናዋ ስትመጣ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ፍሮይላን ዙሪያዋን ዞረና “ቶማሳ፣ ሌላው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣው?” አለ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ “ጎማ የተገጠመለት ማቀዝቀዣ” አለቻት። ቶማሳ እኩል ሳቀች፤ ሱቋ ከገባች በኋላ ግን የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። “ያን ጥቁሩን እወደው ነበር” አለችኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት መኪናዋን ልናለብሳት ተሰበሰብን። እዚህ ላይ ነው ከእኛ ሰው በቀር ማንም የማይሠራውን ስህተት የሠራነው። የመኪናው ብር የደጋሹ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ትሪ፣ የራሱን ሳህን፣ ከአያት የወረደ ማንኪያውን ያመጣል። “ይህ ይቅር” ማለት ያን ቤት መስደብ ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም እንቢ ሳይል ለትልቅ ጂፕ የሚበቃ ብር በዚያች ጉድ ላይ ተደረደረ። እኔ ራሴ የእናቴን የብር ማሰሮ ጣሪያዋ ላይ አሰርኩ። ከፊቷ መስተዋት በቀር የሚታይ ነገር አልቀራትም። ለምድር እናት መባ ብለን ቢራ መሬት ላይ አፈሰስን፣ አበባ በተንን፣ ተነሳን።

የክርስትና ልጄ ሉሲላ ትነዳለች፣ ሴቬሪኖ ከጎኗ ተቀምጧል። ዳገቱን በመኪና ወጥቶ አደባባዩ ሜዳ ላይ ሊወርድ ነው ሐሳቡ። ቶማሳ ከኋላ ብቻዋን ትጨፍራለች። ከጎኗ ያለው ባዶ ቦታ ዓይን ይወጋ ነበር። “ያው፣ ግማሽ ድግስ ነው” ሲል አንዱን ሰማሁት፤ በክርኔ ጎኑን ጎሸምኩት።

ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ከሚብስበት ላይ፣ መኪናዋ ቆመች። ሉሲላ ብትረግጥ ብትረግጥ ወይ ፍንክች። ባንዱ ዝም አለ። አገር ሁሉ ያያል። ሴቬሪኖ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ።

“እኔን አራግፉኝ!” አለ። “እኔ ነኝ... ትርፉ ጭነት።”

በሩን ሊከፍት ሲል ቶማሳ ደርሳ በዳሌዋ ዘጋችው።

“ብሩን አራግፉ!” ብላ ጮኸች።

ማንም አልተነቃነቀም። የደጋሽን ብር መንገድ ላይ ማውረድ ታይቶ አያውቅም። ፍሮይላን እንኳ “ቶማሳ፣ ተዪ፣ ሰው ይቀየምሻል” አላት።

“ይቀየመኝ! የማን ነው ይሄ ትሪ? ያንተ ነው? እንካ!” ፈታችና ደረቱ ላይ አስታቀፈችው። “አምረህ ያዘውና ጨፍር። ሁሉም የራሱን ይያዝ! ብሩ እግር አለው፣ የናንተው እግር። ባሌ ግን ሳንባ የለውም፣ ይቀመጣል!”

እኔ የእናቴን ማሰሮ ለማውረድ የመጀመሪያው ሰው ነበርኩ፤ ይህን እኮራበታለሁ። ከዚያ አንዱ ሳህኑን፣ አንዷ ማንኪያዋን፣ ተራ በተራ ወሰዱ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ዳገቱን ያዘች፤ እኛ ብራችንን ከራሳችን በላይ ይዘን ተከተልናት። ባንዱ እንደገና ሲጀምር ከፊት የሚያጓራ ሞተር ስላልነበረ ጥሩምባው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ፍሮይላን ትሪውን እያርገበገበ ከሁላችንም በላይ ይጨፍር ነበር።

አደባባዩ ላይ ሴቬሪኖ ወረደ። ኮቱን አስተካከለ፣ ከመኪናዋ ኋላ ከሚስቱ ጎን ቆመ። ጨፈረ ለማለት ይከብዳል፤ ቀኝ እግሩን ያነሳል፣ ያሳርፋል፣ ይቆማል፣ ግራውን ያነሳል። ባንዱ ሳይነገረው ቀስ አለለት። ቶማሳ፣ ያቺ ሰፊ ሴት፣ እርምጃዋን አሳጥራ በእሱ ልክ አደረገችው። አንዴ እንኳ አልቀደመችውም። እንባዬ መጣ፤ ማንን ምን አገባው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ደጋሽ አልብሻለሁ፣ እንደዚያች ሴት የኮራሁበት የለም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የፍሮይላን ጥቁር ጂፕ ታጥቦ ቆሟል። ቶማሳ እየጨፈረች አንገቷን ወደዚያ ስታዞር ሴቬሪኖ አያት።

“አየሁሽ” አላት። “ልብሽ... አሁንም እዚያ ነው።”

“ነው” አለች። “ምን እዋሽሃለሁ? ያን ብገዛ አገር ሁሉ ያየኝ ነበር።”

ሴቬሪኖ ቆመ፤ ትንፋሹን እስኪሰበስብ እጇን ይዞ ጠበቀ።

“አገሩ ያይሽ ነበር” አለ። “እኔ ግን... በዚያ ጭስ ውስጥ... አላይሽም ነበር።”