የወርቃው ግንብ ፎቶ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ናሆም እዚህ ዲላ ድረስ ሊጠይቀኝ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ለሥራ በሄደበት አገር ሁሉ የጥንት ግንብና ምሽግ እየዞረ ፎቶ ያነሳል። «ጋሼ፣ ይሄ ህንድ፤ ይሄ ጋና፤ ይሄ ፖርቹጋል» እያለ ያሳልፋቸዋል። ቅናት አልለውም ልል ነበር፤ ኧረ ምን አስደበቀኝ፣ ቅናት ነው!

ምኞቱ የኔ ነበራ። ወጣት ሳለሁ እዚሁ ዲላ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የግንብ ፎቶ እየቀደድኩ ከአልጋዬ በላይ እለጥፋለሁ። የዓለምን ግንብ ሁሉ ሳላነሳ አልሞትም ስለምል ጓደኞቼ «ግንቡ» ብለው ሰየሙኝ። አንድ ቀን ታሪኩ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ «አንተ፣ ህንድ ድረስ ምን አስኬደህ? እዚሁ ወርቃ፣ ከአያቴ ቤት በላይ፣ የድሮ ወታደሮች የሠሩት አለ አይደል እንዴ!» አለኝ።

የፎቶ ቤቱን ካሜራ ለምኜ በነሐሴ ዝናብ ተነሳን። እስከ ጌዴብ አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭነን፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው አንዱን ጫማዬን ውጦብኝ በእጄ ጎትቼ አወጣሁት። የታሪኩ አያት አባባ ጂሎ ቤት ስንደርስ ትኩስ ቆጮ በጎመን ቀረበልን። እንዲያ ያለ ቆጮ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ ምናልባት ርቦኝ ስለነበር ይሆናል።

አባባ ጂሎ ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ቆይተው ግን ባርኔጣቸውን አድርገው ተከተሉን።

ግንቡ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲል ጮህኩ። ድንጋዮቹ ረዣዥም ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሟል። «እንዴት ያለ ጥሩ ድንጋይ መርጠዋል!» እያልኩ ከላይ ከታች አነሳሁት። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ዞር ብል፣ አባባ ጂሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከግድግዳው ጋር በጌዴኦኛ ያወራሉ። ጃጁ ብዬ አዘንኩ።

«ምን እያሉ ነው?» አልኩት ታሪኩን።

«ሰላም እያሉት ነው» አለ። እሱም አመዱ ቡን ብሏል።

«ማንን? ግድግዳውን?»

አባባ ጂሎ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ በመዳፋቸው ጠርገው፣ «ና እይ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀረብኩ። መጀመሪያ ዓይን አየሁ። ቀጥሎ አፍንጫ፣ ደረት፣ ሆድ ላይ የታጠፈ እጅ። የእመቤቴ ያለህ! ሰው ነው፤ በጎኑ የተጋደመ ሰው! ከበላዩ ሌላ፣ ከበታቹ ሌላ። ወታደሮቹ በጥንት መቃብር ላይ በሰው አምሳል ተቀርጸው የቆሙትን ድንጋዮች ነቅለው ነው ግንብ የሠሩባቸው። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ይሄ የኛ ጎሳ አባት ነው» አሉ። «አባቴ ሲሞት ‹አቁመው› አለኝ። እሱን ከነቀልኩ ግንቡ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ይሰበራሉ። እንዴት ላቁመው? እኔም እኮ ልሞት ነው።» አለቀሱ።

የቀረችኝን ፊልም ያንን የድንጋይ ሰው አንስቼ ጨረስኳት።

ፎቶውን አሳድጌ፣ በመስታወት አድርጌ ወሰድኩላቸውና ግድግዳቸው ላይ ሰቀልኩት፤ ግንቡ እንደ ግንብ ቆሞ፣ ሰውየው እንደተጋደመ። አባባ ጂሎ ትንሽ አይተውት አወረዱት። የተሰቀለበትን ክር ፈቱና በጎኑ በኩል አስረው መልሰው ሰቀሉት። ግንቡ ተጋደመ፤ ሰውየው ቆመ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «አባቴ፣ ቆመልህ» አሉ። በዓመቱ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ የትም ግንብ ባይ ከቁመቱ በፊት ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ነው የማስበው። የዓለምን ግንብ አልዞርኩም፣ ቢቆጨኝም ያቺ አንዷ ፎቶ እስካሁን አልለቀቀችኝም።

እሑድ ዕለት የናሆም ፎቶ ሲያልቅ የወርቃውን ፎቶ ቅጂ ከሳጥን አወጣሁ። «ዋው፣ ቆንጆ ግንብ!» አለ። መልስ ሳልሰጠው ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አዞርኩለት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ ጠፋ።

«እንዴ! ጋሼ፣ ሰው ነው እኮ!»

ኋላ ስልኩን አነሳና አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ የራሱን ግንቦች ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ማየት ያዘ።