የምወዳት ቅጽል

ወረታ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምወዳቸው ቃላት አሉኝ፤ ከሁሉም በላይ ግን «ሊታል» የምትባለውን ቅጽል እወድ ነበር። ተማሪዎቼ ጉዳት ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። እኔም ጠመኔዬን አንስቼ አብራራለሁ፤ አንዳንድ ነገር ያሳምማል፣ ሊታል የተባለ ግን ይገድላል። ለመርዝ ይነገራል፣ ለጦር መሣሪያ ይነገራል፣ ለጉንፋን አይነገርም። ይህን ስል ራሴን በጣም ነበር የማደንቀው።

ባለፈው ክረምት አባቴ ከፎገራ ሜዳ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ። የሩዝ ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ጀሪካኑ የአረም መድኃኒት የነበረበት ነው። እኛ እንግዲህ ያንን ሁሉ መርዝ መድኃኒት ነው የምንለው፤ ደግነታችን ወሰን የለውም።

«እስኪ እየው፣ ይኸ ጽሑፍ ምን ይላል?» አለኝ።

ዓይኔ ወዲያው ያቺን ቃል አገኘ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ሳገኛት የመጀመሪያዬ ነበር። አነባበቧን፣ አገባቧን፣ ከላቲን መምጣቷን ሳይቀር ተነተንኩለት። ገዳይ ማለት ናት ብዬ በአማርኛ መናገሩን ግን ረሳሁት። በትዕግሥት አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ክዳኑ ደግ ነው። ታጥቦ ጠላ ይያዝበታል?» አለ። እኔ ለክፍል ምሳሌ እንድትሆነኝ ቃሏን በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ነበርና ሳልሰማው «አዎ፣ አዎ» አልኩት።

ቅዳሜ የአባቴ የወንፈል ተራ ደረሰ። መድኃኒቱ ያልጨረሰውን አረም ጎረቤት ተሰብስቦ በእጁ ይነቅልለታል፣ እሱም ያጠጣል። ስደርስ ሰዉ ከማሳው ወጥቶ ዳር ላይ ተቀምጧል፤ ጠላው የሚቀዳው ከቢጫው ጀሪካን ነው። በእኛ ደንብ የሚያጠጣ ሰው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። አባቴ ደግሞ ሲቀምስ ለወጉ ያህል አይቀምስም፤ ጣሳውን ጨለጠው።

«ሊታል ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ መርዝ ሲጠጣ እያየሁ አፌ ላይ የመጣልኝ በእንግሊዝኛ ነበር። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቴ ለጎረቤቱ ሊቀዳ ጎንበስ ሲል ሮጬ ጀሪካኑን በእግሬ ደፋሁትና «መርዝ ነው፣ እንዳትጠጡ!» አልኩ። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ።

ሌላ ሰው አልጠጣም። አባቴን በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት አጣደፍነው፤ በሦስተኛው ቀን ድኖ ወጣ፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን የሕክምና ክፍል እስካሁን አልረሳሁትም።

ሐኪሙ «የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው?» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ፎቶው ላይ ያለችው ቅጽሏ ብቻ ናት። ስሙን አንብቤው አላውቅም፤ ጀሪካኑም ማሳው ላይ ቀርቷል። አባቴ ግን እያስመለሰው ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን እንደሚገባ፣ የትኛውን አረም በስንት ቀን እንደሚያደርቅ አንድ በአንድ ነገረው። ሐኪሙ ከነገረው ተነስቶ ዓይነቱን ለየው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለ።

አፌን ሳልከፍት አባቴ ከአልጋው ቀና አለ።

«ልጄ ነው» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በኩራት። «የእንግሊዝኛ መምህር ነው።»

ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።